የዒድ ከረሜላ በገዛ ቤታችን



ውድ አንባብያን፣ የዒድ ጧት በኩታበር ምን እንደሚመስል የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ሶላቱ ተሰግዶ ሰው ከሜዳው ሲመለስ ልጆች አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ቤት ለቤት ይዞራሉ። በየበሩ «ዒድ ሙባረክ!» ይላሉ፤ እናቶችም አንድ አንድ እፍኝ ከረሜላ ያድሏቸዋል። ቀትር ሳይደርስ የልጁ ኪስ ይሞላል፤ መንገዱም በከረሜላ ልጣጭ ያብረቀርቃል።

በአንድ ዒድ ከነዚህ ልጆች መካከል አንዱ ወደኛ ቀረብ ብሎ እጁን ዘረጋ። እንድንሰጠው መስሎን ነበር፤ እርሱ ግን የያዘውን ሊያሳየን ነው። «ኡስታዝ፣ ይሄ ሐላል ነው?» አለን። ከረሜላው ለስላሳ፣ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ዓይነት ነበር። ልጣጩን አገላብጠን ብናይ ጽሑፉ በማናውቀው ቋንቋ ነው። የሰጠችው እናትም አላነበበችውም፤ የሸጠው ባለ ሱቅም አላነበበውም። ለልጁ ያለን መልስ «እርግጠኞች አይደለንም» የሚል ብቻ ሆነ። ልጁም አንገቱን ነቀነቀና ከረሜላውን ወደ ኪሱ መለሰው።

ያ ጥያቄ ብዙ ቀን አብሮን ሰነበተ። ቁርኣን በሱረቱል በቀራ 168ኛው አንቀጽ ሰዎችን ሁሉ በምድር ካለው ሐላልና መልካም የሆነውን እንዲመገቡ ያዛል። ሐላል መሆኑ አንድ ነገር ነው፤ መልካም መሆኑ ደግሞ ሌላ። ሁለቱንም ለማረጋገጥ ግን መጀመሪያ ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። በዚህ ወር ገጻችን የምናወጋችሁም ይህንኑ ነው፤ በልጆቻችን አፍ የሚገባውን ጣፋጭ አውቀን፣ በእጃችን ሠርተን ስለ መስጠት።

ጣፋጭ ነገር በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጣፋጭና ማር ይወዱ እንደነበር መናገራቸው በቡኻሪ ተዘግቧል። በዒደል ፊጥር ጧትም ወደ ሶላት ከመውጣታቸው በፊት ተምር ይቀምሱ ነበር። ስለዚህ ልጆቻችንን በዒድ ቀን ጣፋጭ መከልከል የዲን ትእዛዝ አይደለም። የኛ ድርሻ ጣፋጩን ማወቅና ልክ ማበጀት ነው።

በልጣጩ ላይ ምን እንፈልግ?

ከሱቅ መግዛታችን የማይቀር ነውና በመጀመሪያ ይህን እንወቅ። ለስላሳና የሚለጠጥ ከረሜላ አብዛኛውን ጊዜ ጄላቲን አለበት። ጄላቲን ከእንስሳት ቆዳና አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነገር ነው፤ እንስሳው ከብት ሊሆን ይችላል፣ አሳማም ሊሆን ይችላል። ከብት ቢሆንም እንኳ በሸሪዓ መታረዱ መታወቅ አለበት። በልጣጩ ላይ ሐላል የሚል ምልክት ወይም ከዓሣ፣ ከአትክልት የተሠራ የሚል ቃል ከሌለ መተው ይሻላል።

ቸኮሌት ሲሆን ደግሞ ውስጡ ፈሳሽ የተሞላውን ዓይነት መጠንቀቅ ነው፤ አንዳንዱ አስካሪ መጠጥ ይጨመርበታል። «ኢ 471» የሚል ቁጥር ከታየ፣ ይህ ቅባትንና ውሃን የሚያዋሕድ ንጥረ ነገር ከአትክልትም ከእንስሳም ሊሠራ ይችላልና የሐላል ምልክት መፈለግ ተገቢ ነው። «ኢ 322» የሚባለው ሌሲቲን ግን በቸኮሌት ላይ አብዛኛውን ጊዜ ከአኩሪ አተር የሚወጣ ነው።

ስኳር፣ ቅቤ፣ ለውዝና ጥቁር ቸኮሌት ብቻ ያለበት ደረቅ ከረሜላ ግን ጄላቲን አያስፈልገውም። ፈረንጆች ቶፊ የሚሉት ይኸው ነው። ከዚህ ውስጥ ከቸኮሌቱ በቀር ሁሉንም ከገበያችን እናገኘዋለን፤ የቸኮሌቱን ልጣጭ ደግሞ አንድ ጊዜ ማንበብ ይበቃል።

ከጅዳ የመጣች ሙያ

ይህን ከረሜላ ያስተማረችን አንዲት የሰፈራችን እኅት ናት። ገና በልጅነቷ ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ሄዳ ጅዳ ላይ በሰው ቤት ስምንት ዓመት አገልግላለች። እንደሷ ያሉ እኅቶች በወሎ በየመንደሩ አሉ። በ2006 ዓ.ም. ከሳዑዲ ከመቶ ስልሳ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ ብዙዎቻችን ከዘመዶቻችን አንዱን ወይም አንዷን ተቀብለናል። ይህች እኅታችን የመጣችው ግን ከዚያ በኋላ፣ ዘንድሮ ገባሁ ብላ ቀን ቆርጣ ነው።

ስትመጣ በሻንጣዋ ሁለት ቆርቆሮ ቸኮሌት ይዛ ነበር። አንደኛው ሲከፈት ቸኮሌቱ ነጭ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት መስሏል። «ሻግቷል» ተብሎ ሊጣል ሲል እርሷ ቀማቻቸው። እውነቷን ነበር። ቸኮሌት በሙቀት ቀልጦ እንደገና ሲረጋ ውስጡ ያለው የካካዎ ቅባት ወደ ላይ ወጥቶ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሻጋታ አይደለም፤ መልኩ ይበላሻል እንጂ አይጎዳም። መልሶ ለማቅለጥ ደግሞ እንደ ደኅናው ይሆናል። ይህን ባለማወቅ ስንት ቸኮሌት ጥለን ይሆን!

«ቸኮሌቱን ብቻውን ከማድላችሁ ከረሜላ ልሥራበት» አለች። ጅዳ በነበረችበት ቤት ለዒድ የሚሠራው በርሷ እጅ ነበርና ልኩን በቃሏ ታውቀዋለች። የስኳር ሙቀት መለኪያም ይዛ መጥታለች። ጎረቤት ሁሉ ተሰበሰበ። ከሰሉ ተቀጣጠለ፣ ቅቤው ቀለጠ፣ ስኳሩ ገባ፤ መለኪያውን ድስቱ ውስጥ ነክራ እንደለመደችው 150 ዲግሪ እስኪደርስ ጠበቀች። 150 ሲደርስ ግን ቤቱ በጭስ ተሞላ። ከረሜላው ጠቁሮ ነበር፤ ቢቀመስ መረረ።

በዚያ ጊዜ አንድ ሰው «ስምንት ዓመት ዐረብ አገር ኖራ የተማረችው ስኳር ማሳረር ነው?» ብሎ ሳቀ። ሌሎችም ተከትለው ሳቁ። እኅታችን ድስቱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እናቷ ከኋላ ተከትለው ገብተው «አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ስኳር ነው፣ ይተካል» ሲሏት ሰማን። እርሷም «እማ፣ ወላሂ ጅዳ አንድ ቀን አሮብኝ አያውቅም» አለቻቸው። ሩብ ኪሎው ስኳር አልነበረም ያሳዘናት። ስምንት ዓመት ሙሉ ከሠራችው ሥራ ያተረፈችው ሙያ በዘመድ ፊት ውሸት ሆኖባት ነው።

ጥፋቱ የማን ነበር?

ውድ አንባብያን፣ ጥፋቱ የርሷ አልነበረም። እኛም በዚያች ሰዓት አብረን ዝም ማለታችን እስከ ዛሬ ይቆጨናል፤ ምክንያቱም ነገሩ በክፍል ውስጥ ለተማሪዎች የምናስተምረው ነበር።

በማግስቱ ወደ ቤታቸው ሄደን «እኅታችን፣ መለኪያሽን አምጪውና ውሃ እናፍላ» አልናት። ውሃው ገንፍሎ መንተክተክ ሲጀምር መለኪያውን ከተትነው። እርሷ 100 እስኪደርስ ጠበቀች። መለኪያው ግን 91 ላይ ቆመ፤ እሳቱን ብንጨምርም ንቅንቅ አላለም። «ኡስታዝ፣ ተበላሽቷል ማለት ነው?» አለችን። አልተበላሸም። የተለየው አገሩ ነው።

ጅዳ በቀይ ባሕር ዳር ያለች ከተማ ናት። ኩታበር ግን ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ደጋ ነው። ከፍታ ሲጨምር በላያችን ያለው አየር ይቀንሳል፤ ውሃውን ወደ ታች የሚጫነው የአየር ክብደትም ይቀንሳል። ስለዚህ ውሃው ብዙ ሳይሞቅ ፈልቶ ይተናል። በግምት በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ሙቀት አንድ ዲግሪ ይወርዳል። በደጋችን ባቄላና ምስር ለመብሰል ጊዜ የሚፈጁብን አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። በመካነ ሰላም፣ በወገል ጤናና በደሴ ያላችሁም በዚሁ ሕግ ሥር ናችሁ።

ከረሜላ ደግሞ ሌላ ምሥጢር የለውም፤ ውሃው ተንኖ ስኳሩ የሚወፍርበት ሥራ ነው። የሙቀት መለኪያው የሚነግረን ምን ያህል ውሃ እንደቀረ ነው። በጅዳ 150 ዲግሪ ሲሆን የሚቀረው ጥቂት ውሃ፣ በኩታበር ገና 141 ላይ ሲደርስ ነው የሚቀረው። ከዚያ አልፎ እስከ 150 መጠበቅ ማለት የደረሰውን ከረሜላ ማሳረር ነው። መጽሐፍ ላይ ያለው ቁጥር ትክክል ነው፤ የእኅታችንም እጅ ትክክል ነው። የተረሳው ተራራው ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከረሜላ ከመሥራታችሁ በፊት በመለኪያችሁ የፈላ ውሃ ለኩ። ከ100 ምን ያህል እንደጎደለ ያዙ። ያንኑ ያህል ከመጽሐፉ ቁጥር ቀንሱ። በኛ ቤት ዘጠኝ ጎደለ፤ ከ150 ዘጠኝ ስንቀንስ 141 ሆነ። እኅታችን በዚያው ቀን ደግማ ሠራችው። የማር ቀለም ያለው፣ በጥርስ ሲነከስ «ቀሽ» የሚል ከረሜላ ወጣ። እናቷ አንዷን ቁራጭ ቀምሰው «አልሐምዱሊላህ» አሉና ሌላዋን ይዘው ትናንት ወደሳቀው ሰው ቤት ሄዱ። ምንም አላሉትም፤ አቀመሱት ብቻ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ይህ ልክ ከ35 እስከ 40 ትናንሽ ቁራጭ ይወጣዋል።

— ስኳር፣ ሩብ ኪሎ
— ቅመም ያልገባበት ለጋ ቅቤ፣ ሩብ ኪሎ
— ውሃ፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያ
— ማር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ
— ጨው፣ የሻይ ማንኪያ ሩብ
— የተቆላና የተፈተገ ለውዝ (ኦቾሎኒ)፣ 150 ግራም
— ጥቁር ቸኮሌት፣ 150 ግራም

ስለ ቅቤው፦ የወጥ ቅቤ አይሆንም። ኮሰረትና ኮረሪማ የገባበት ንጥር ቅቤ ከረሜላውን ወጥ ወጥ ያሰኘዋል። ለጋውን ቅቤ በቀዝቃዛ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡት፤ ውሃው ጥርት ብሎ እስኪወጣ ድረስ። ከዚያ ጨምቃችሁ ውሃውን አውጡ። አሬራ የቀረበት ቅቤ ድስቱ ላይ ቶሎ ያራል፣ ሽታም ያመጣል።

ስለ ለውዙ፦ በገበያችን የሚገኘው ለውዝ ከቆላ አገር የሚመጣ ነው፤ የምሥራቅ ሐረርጌው የባቢሌ ለውዝ በአገሩ ሁሉ የታወቀ ነው። ስትገዙ ግን ዓይናችሁን ክፈቱ። የተሸበሸበ፣ የጠቆረ፣ የሻገተ ወይም የሚመር ፍሬ ካለ ለቅማችሁ ጣሉት። በሻገተ ለውዝ ላይ አፍላቶክሲን የሚባል ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ይፈጠራል፤ መርዙ በመቁላት አይጠፋም። ደኅናውን በብረት ምጣድ በለስላሳ እሳት ቁሉት፤ ሲበርድ በእጃችሁ ፈትጋችሁ በሰፌድ አንፍሱት። ከዚያ በሙቀጫ ሰባበር አድርጉት እንጂ ዱቄት አታድርጉት። ለውዝ ያጣ ሰው የተቆላ ሰሊጥ ቢጠቀም ያምርለታል።

ስለ ማሩ፦ ስኳር ብቻውን ሲፈላ እንደገና አሸዋ አሸዋ የመሆን ጠባይ አለው። ማር ውስጥ ያለው የስኳር ዓይነት ይህን ይከለክለዋል። ማር ከሌለ ጥቂት ጠብታ የሎሚ ጭማቂ ይተካዋል።

አሠራሩ

1ኛ. ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁሉንም አዘጋጁ። ከረሜላው ከደረሰ በኋላ ዕቃ ለመፈለግ ጊዜ አይሰጥም። የብረት ትሪ በቅቤ ቀብታችሁ ከለውዙ ግማሹን በትኑበት። የላስቲክ ትሪ ይቀልጣል፤ የጠርሙስ ሳህን ሊፈነዳ ይችላል።

2ኛ. ቂጡ ወፍራም በሆነ ድስት ቅቤውን በለስላሳ እሳት አቅልጡ። ስኳሩን፣ ውሃውን፣ ማሩንና ጨውን ጨምሩ። ስኳሩ ፈጽሞ እስኪሟሟ በእንጨት ማማሰያ ቀስ እያላችሁ አማስሉ። በድስቱ ጎን የተጣበቀ ስኳር ካለ በውሃ በራሰ ማንኪያ ጥረጉት።

3ኛ. እሳቱን መካከለኛ አድርጋችሁ አፍሉት። ማማሰሉን አታቋርጡ። በመጀመሪያ ነጭ አረፋ ይሆናል፤ ቀጥሎ ወደ ቢጫ ይሄዳል፤ በመጨረሻ የማር ቀለም ይይዛል። ከሩብ ሰዓት እስከ ሃያ ደቂቃ ይወስዳል። የከሰል እሳት እንደ ቡታጋዝ በቁልፍ አይቀነስምና ሲበረታ ድስቱን ለጥቂት ጊዜ ከምድጃው አንሡት። ቅቤው ከስኳሩ ተለይቶ ከላይ ከዋለ ደግሞ እሳቱን ቀንሳችሁ አንድ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ከርቀት ጨምሩና አማስሉ።

4ኛ. መለኪያ ያላችሁ ከላይ እንደተናገርነው ቀንሳችሁ አስሉ። የሐኪም ቤት የትኩሳት መለኪያ ግን በፍጹም አትክተቱ፤ ለእንዲህ ያለ ሙቀት አልተሠራም፣ ይሰበራል። መለኪያ የሌላችሁ በሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ አስቀምጡና ከድስቱ ጠብታ ጣል አድርጉበት። ጠብታው በጣት ሲያዝ እንደ ሊጥ ከተጠቀለለ ገና ነው። ሲያዝ ደርቆ ካልተሰበረም ገና ነው። ከውሃው አውጥታችሁ ስትሰብሩት «ቀሽ» ብሎ ከተሰበረ ደርሷል። ይህ ፈተና በባሕር ዳርቻም በተራራም አንድ ነው፤ ቁጥር አያስፈልገውም።

5ኛ. ወዲያው አውርዳችሁ በለውዙ ላይ አፍስሱት። በማንኪያ ጀርባ አስተካክሉት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ቆይታችሁ የተከተፈውን ቸኮሌት በላዩ በትኑና በሌላ ትሪ ክደኑት። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ቸኮሌቱ በከረሜላው ሙቀት ብቻ ይለሰልሳል፤ በማንኪያ አዳርሱት። ለብቻው እሳት ላይ አታድርጉት፤ ቸኮሌት በብርቱ ሙቀት ያራል። አንድ ጠብታ ውሃ ከገባበትም ጓጉሎ ይቀራል፤ ማንኪያችሁ የደረቀ ይሁን።

6ኛ. የቀረውን ለውዝ ነስንሱበትና ሁለት ሰዓት ያህል ይብረድ። ከዚያ ሰባብሩት። በደንብ በሚከደን ጣሳ አስቀምጡ፤ ስኳር ከአየር እርጥበት ስለሚስብ በተለይ በክረምት ክፍቱን ካደረ ይጣበቃል። ለመጠቅለል ንጹሕ ወረቀት ተጠቀሙ። የጋዜጣ ቀለም ለምግብ አይሆንም። የአላህ ስም የተጻፈበት ወረቀት ደግሞ ለእንዲህ ያለው እንደማይውል ለልጆች ንገሯቸው።

ድስቱን በቢላ አትፋቁት። ውሃ ሞልታችሁ ብታፈሉት የተጣበቀው ሁሉ በራሱ ይለቃል።

የእሳቱ ነገር

ይህን ክፍል ሳታነቡ እንዳታልፉ አደራ እንላለን። የፈላ ውሃ በኛ አገር 91 ዲግሪ ነው። የፈላ ስኳር ግን ከ140 ያልፋል፤ ደግሞም እንደ ውሃ አይፈስም፣ ከቆዳ ይጣበቃል። ስለዚህ ከረሜላው እሳት ላይ ሳለ ሕፃናት ከማድ ቤት ይውጡ። ምድጃው መሬት ላይ ከሆነ ዳዴ የሚል ሕፃን ባለበት ቤት አትሥሩ። ለልጆች ለውዝ መፈተጉንና ከረሜላው ከበረደ በኋላ መጠቅለሉን ስጧቸው፤ ከበቂ በላይ ደስ ይላቸዋል።

አላህ ይጠብቀንና ቃጠሎ ቢደርስ፣ ቦታውን ወዲያው በሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል አቀዝቅዙ። ቀለበትና አምባር ከማበጡ በፊት አውልቁ። ከቆዳ ጋር የተጣበቀውን በግድ አትላጡ። ቅቤ፣ ሊጥ፣ ጭቃ፣ የጥርስ ሳሙና አትቀቡ፤ እነዚህ ሁሉ ሙቀቱን ያፍናሉ፣ ቁስሉንም ያመረቅዛሉ። በንጹሕ ጨርቅ ሸፍናችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱ፤ በተለይ ሕፃን ከሆነ፣ ወይም ፊትና እጅ ከሆነ። ቅቤው በእሳት ከተያያዘ ደግሞ ውሃ አታፍስሱበት፤ ድስቱን በክዳን ድፈኑት።

ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት ለውዝ ያለበትን ከረሜላ አትስጡ። በጉሮሮ ሊቀረቀር ይችላል። ለውዝ የማይስማማው ሰው መኖሩንም ጠይቁ።

ስንት ይበላ?

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ አንድ ሰው በቀን የሚወስደው የተጨመረ ስኳር ከጠቅላላ ጉልበት ሰጪ ምግቡ ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንዳይበልጥ፣ ቢቻል ደግሞ ወደ ግማሹ ዝቅ እንዲል መክሯል። ግማሹ ማለት ለአዋቂ ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ከኛ ከረሜላ አንዷ ቁራጭ ወደ ሁለት የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አላት። ሦስት ብርጭቆ ጣፋጭ ሻይ የጠጣ ሰው ልኩን አስቀድሞ ሞልቷል ማለት ነው። ለልጅ በዒድ ቀን ሁለት ቁራጭ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ከመላስ አንድ ጊዜ ከምግብ በኋላ በልቶ አፉን ቢጉመጠመጥና በመፋቂያ ቢፍቅ ለጥርሱ ይሻለዋል። በሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትና መጠጣት ከተፈቀደ በኋላ ማባከን የተከለከለው ለዚህም ለዚያም ይሠራል።

የማን ልፋት አለበት?

መጀመሪያ ላይ «ምን እንዳለበት እንወቅ» ብለናል። በከረሜላ ውስጥ ግን በልጣጩ ላይ የማይጻፍ ነገርም አለ፤ የሰው ልፋት ነው።

ቸኮሌት የሚሠራበት ካካዎ በሞቃትና ዝናባማ አገር ይበቅላል። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከኮትዲቯርና ከጋና ነው። በዚያ እርሻ ላይ ሕፃናት በከባድ ሥራ ይሠማራሉ። ታላላቅ የቸኮሌት ኩባንያዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ይህን ለማስቀረት ስምምነት ቢፈርሙም ችግሩ ፈጽሞ አልተወገደም። ስለዚህ ቸኮሌትን እንደ ቀልድ አናባክነው። ነጭ ሆነ ብለን ስንጥለው የማን ልጅ እንደለቀመው እናስብ።

ሩቁን ትተን ወደ ቤታችን እንመለስ። የእኅታችን ከረሜላ ካማረ በኋላ ጎረቤቱ ሁሉ «ለኛም ሥሪልን» ማለት ጀመረ። ስኳሩን፣ ቅቤውን፣ ለውዙን ያመጡላታል፤ እርሷ ከሰሉን አቀጣጥላ ግማሽ ቀን ትቆማለች፤ ከዚያ «ጀዛኪላህ ኸይር» ብለው ከረሜላውን ይዘው ይሄዳሉ። እኛም ከነዚሁ አንዱ ነበርን። አንድ ቀን እናቷ በለሰለሰ አነጋገር እንዲህ አሉን፦ «ኡስታዝ፣ ልጄ ባዕድ አገር ስትሠራ እንኳ ወር ሲደርስ ይከፍሏት ነበር። በአገሯ ነጻ መሆኗ ምነው?»

ይህን ሰምተን አፈርን። የሠራተኛ ዋጋ ላቡ ሳይደርቅ እንዲከፈል ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ማዘዛቸውን በመድረሳ ተምረናል፤ ለሌላም አስተምረናል። ግን ሠራተኛዋ እኅታችን ስትሆን፣ ሥራውም በማድ ቤት ሲሆን፣ ሥራ መሆኑን ረሳነው። ሙያዋን በሳቅ ልናጠፋው ነበር፤ ሙያው እውነት መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ በነጻ ወሰድነው። ሁለቱም አንድ ዓይነት በደል ነው።

ከዚያ ወዲህ በሰፈራችን ልክ ወጣ። ዕቃ ያመጣ ለልፋቷ ይከፍላል፤ ዕቃ ያላመጣ የከረሜላውን ዋጋ ይከፍላል። ያለ ክፍያ የሚሰጠው ለጎረቤት ድሃና ለየቲም የሚሆነው ድርሻ ብቻ ነው፤ እርሱንም የምትሰጠው እርሷ ራሷ ናት፣ አጅሩም የርሷ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለአቡ ዘር (ረ.ዐ.) ሾርባ ሲሠራ ውሃ አብዝቶ ጎረቤቱን እንዲያስብ መክረዋቸዋል። ከረሜላ ውሃ አይበዛበትም፤ ግን በትናንሹ ሲሰበር ለብዙ ቤት ይዳረሳል።

ባለፈው ዒድ ያ ልጅ እንደገና በራችን ላይ መጣ። ቁመቱ ጨምሯል። በንጹሕ ወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ ሰጠነው። እንደ ልማዱ አገላብጦ አየው። «ምንም አልተጻፈበትም» አለን። «ስኳር፣ ቅቤ፣ ማር፣ ለውዝና ቸኮሌት ነው፤ የሠራችውንም ታውቃታለህ» ብለን ስሟን ነገርነው። ልጁም በአንድ ጊዜ አፉ ውስጥ ከተተውና ወደ ጓደኞቹ ሮጠ።

ውድ እናቶችና እኅቶች፣ ውድ ወጣቶች፣ በቤታችሁ ከሩቅ አገር ሙያ ይዛ የተመለሰች እኅት ካለች ጠይቋት። ያመጣችው ቆርቆሮ ያልቃል፤ በእጇ ያለው ግን ከተከበረ አያልቅም።

አላህ ሪዝቃችንን ሐላልና መልካም ያድርግልን፤ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ በስደት ያሉትን እኅቶችና ወንድሞች በሰላም ለአገራቸው ያብቃልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱሁ።